ለውጡን መቋቋም

የሬዲዮ ፕሮግራሜን ጨርሼ ስወጣ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። አንደኛው በትሕትና እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት። «ዶክተር፣ ለአምስት ደቂቃ ፈልገንዎት ነበር» አለኝ። በአገራችን እንዲህ ያለ አምስት ደቂቃ ስንት እንደሚረዝም የማያውቅ የለም። መኪናው ውስጥ ከመግባቴ በፊት ለባለቤቴ ልደውል ብዬ ጠየቅሁ። «ወዲያው ይመለሳሉ እኮ» አለና ስልኬን ተቀበለኝ። የጉዱማሌን መናፈሻ አልፈን ስንታጠፍ የምሳ ሰዓት ነበር። ባጃጆቹ ተማሪ ጭነው ይሯሯጣሉ፤ ወደ እኛ የሚያይ ሰው የለም። ደክሞኝ ነበር። ከመያዜም በፊት ደክሞኝ ነበር። በዚያ ዓመት ሰው ስለ ዝናብ ሲጠይቀኝ እንኳ ከጥያቄው ጀርባ ሌላ ጥያቄ የተደበቀ ይመስለኝ ነበር፤ ለመሆኑ አንተ የማን ወገን ነህ የሚል።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ነው። ግድግዳው ላይ የመደርደሪያ ምልክት አለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ጥግ ላይ አፉ የተቆረጠ ጄሪካን ተቀምጧል። ኮርኒስ ስለሌለው ቆርቆሮው ቀን ያነድደናል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሳ የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሽታ በትንሿ መስኮት ይገባል። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ እኔ ነፋሱ በልማዱ መነሳቱን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። የሙያ ነገር ሆኖ ነው።

ጠባቂው በሩን ሲዘጋ «ዶክተር አምጥቼላችኋለሁ» ብሎ ነበር። ገና ሳልቀመጥ አንድ የአዲስ ከተማ ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ አፉን ከፍቶ ያበጠ ድዱን አሳየኝ።

«የሕክምና አይደለሁም ወንድሜ፤ የአየር ነኝ» አልኩት።

«አየር ኃይል?»

«የአየር ንብረት። ዝናብ፣ ሙቀት፣ እንደሱ ያለ ነገር።»

አፉን ዘጋና ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ዝናቡን ምን አድርገኸው ነው ያሰሩህ?»

ሰዎቹ ሳቁ። ያን ጊዜ ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንበው ዓይናቸውን ጨፍነው የነበሩ አንድ አዛውንት ቀና አሉ። ከሐይቁ ማዶ የመጡ የሲዳማ ገበሬ ናቸው። «ይሄን ድምፅ አውቃለሁ» አሉ። «አንተ የማክሰኞው ሰውዬ ነህ።» ነኝ አልኳቸው። በየማክሰኞው ለገበሬዎች ስለ አየር ጠባይ የማወራ ሰው ነኝ። ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። እርስዎስ ምን አድርገው ነው ብዬ ብጠይቃቸው «ስብሰባ ላይ ጠየቅሁ» አሉኝ። «ምን ጠየቁ?» «አሁን ረስቼዋለሁ። እነሱ ግን ጽፈውታል።»

እኔ የታሰርኩበትን ምክንያት የሰማሁት በማግሥቱ ነው። መርማሪው ወጣት ነበር፣ ፀጉሩን በሥርዓት የተቆረጠ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። ከተማሪዎቼ አንዱን ይመስላል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና የገዛ ድምፄን አሰማኝ። የራስን ድምፅ እንደዚያ ባለ ቤት መስማት ደስ አይልም፤ እዚያ የሚናገረው ሰውዬ በራሱ በጣም ይተማመናል።

«ለውጡ ድሃውን ይበልጥ ይጎዳል» ይላል ድምፄ። «ለውጡን ያመጡት ትልልቆቹ ናቸው፤ መከራውን የምናየው ግን እኛ ነን። ስለዚህ ለውጡን መቋቋም አለብን። ለመቋቋም ደግሞ መደራጀት ያስፈልጋል።»

ስልኩን አቆመው። «ለውጡ ሲሉ የቱን ለውጥ ነው?»

«የአየር ንብረት ለውጥ።»

«የአየር ንብረት የሚል አልሰማሁም።»

«መጀመሪያ ላይ ብየዋለሁ። እሱን በየዓረፍተ ነገሩ ብደጋግም አድማጭ ይሰለቻል።»

«ትልልቆቹስ እነማን ናቸው?»

«ትልልቆቹ አገሮች። ብዙ ፋብሪካ ያላቸው።»

እየጻፈ ራሱን ነቀነቀ። «መቋቋም ማለት ግን መቃወም ማለት አይደለም?»

«አይደለም። ሰው ብርድን ይቋቋማል እንጂ አይቃወምም።»

ብዕሩን አስቀመጠና አየኝ። በዚያ ሰሞን «ለውጡ» የሚባለው ቃል ባለቤት ነበረው። በስብሰባም ይሁን በዜና፣ ለውጡ ከተባለ የመንግሥት ለውጥ ነው፤ ወይ ትደግፈዋለህ ወይ ትቃወመዋለህ። እኔ ዓመታት ሙሉ ስሠራበት የኖርኩት ቃል ከእጄ መውጣቱን ልብ አላልኩም ነበር። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ በሆዴ ሳቅሁ፤ ከዚያ የባሰ ደከመኝ።

«እኔ ይገባኛል» አለ ወጣቱ፣ እንደገባውም አምናለሁ። «የበላይ አካል ግን ማስተካከያ ይፈልጋል። አጭር ነገር ናት። በድምፅዎ እንቀዳትና ማክሰኞ በፕሮግራምዎ ሰዓት ትተላለፋለች። ልክ እንደቀዳን ቤትዎ ይገባሉ።» የተዘጋጀውን አነበበልኝ። «ስለ ለውጡ ያነሳሁት ስጋት መሠረት የለውም። ለውጡ መልካም ነው። አርሶ አደሩ ሳይሰጋ ሥራውን ይቀጥል።» «እስከ ነገ አስበው መልስ ይስጡኝ» አለኝ፣ አንቱታውን ሳያጓድል።

ልበለው ብዬ ነበር። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ጉልበቴ ከሲሚንቶው ጋር አልተስማማም፣ ባለቤቴ የት እንዳለሁ አታውቅም። ደግሞስ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል፣ ሁሉም ተገዶ ነው ይላል፣ እያልኩ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘነበ። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ቆርቆሮውን መታው፤ ከዚያ መነጋገር እስኪያቅተን ወረደ። ሰዎቹ ሁሉ ተነሱ። ነጋዴው በመስኮቷ የፕላስቲክ ኩባያ አውጥቶ ሞላና እያዞረ አጠጣን። «በልግ ገባ፣ እሰይ» ይላል። እኔ ብቻ ተቀምጬ ቀረሁ።

አዛውንቱ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «አንተ ለምን አትደሰትም?»

«አላመንኩትም አባቴ። ይሄ የሚቆይ አይመስለኝም።»

ያን ሳምንት በሬዲዮ የተናገርኩት ይህንኑ ነበር። የዘንድሮ በልግ አጀማመሩ አታላይ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ዘርን አብቅሎ ጥሎት ይሄዳል፣ ቡቃያው ፀሐይ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቢዘንብም አትዝሩ፣ የሚመጣውን ማክሰኞ ጠብቁኝ ብዬ ነበር።

«ሚስቴ ታዳምጥሃለች» አሉ አዛውንቱ። «በቆሎውን ለዘር አስቀምጣለች። አሁን ዝናቡን ታያለች፣ እጇ ይበላታል። ግን ማክሰኞን ትጠብቃለች።»

«ሌላ ዘር አላችሁ?»

«የለም። ያ ብቻ ነው።» ዝናቡ ጋብ አለ። «ማክሰኞ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

የተነበበልኝን ነገርኳቸው። ለውጡ መልካም ነው የሚለው ግድ አልሰጣቸውም። የመጨረሻውን ግን ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ሥራውን ይቀጥል ካልክ ትዘራለች» አሉ። ቢለምኑኝ ኖሮ ሰበብ አላጣም ነበር። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ጥጋቸው ተመለሱ፤ እኔ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል ያልኩትን እያሰብኩ አፈርኩ።

በማግሥቱ መርማሪው ስልኩን ለመቅዳት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

«ሁለት ቃል ብቻ ይጨመርልኝ» አልኩት።

«የትኞቹ?»

«ለውጡ ከሚለው በፊት፣ የአየር ንብረት።»

ወረቀቱን አነሳና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሞከረው። «ስለ አየር ንብረት ለውጡ ያነሳሁት ስጋት... የአየር ንብረት ለውጡ መልካም ነው...» ቆመ። ከንፈሩ ዳር ላይ ፈገግታ መጣበትና መልሶ ዋጠው። «ይሄ አይሆንም» አለ።

«አዎ፣ አይሆንም።»

ሁለታችንም ወረቀቱን አየን። «ስለዚያኛው ለውጥ የፈለጋችሁትን ጻፉ» አልኩት። «እኔ አቅሙም የለኝ፣ እፈርማለሁ። አርሶ አደሩ ይቀጥል የሚለው ግን በእኔ ድምፅ አይነገርም። ቃሌን ሰምተው የሚዘሩ ሰዎች አሉ።» ይህን ያልኩት ደረቴን ነፍቼ አልነበረም። እጄን ጭኖቼ መሀል ሸጉጬ ነበር። ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «የበላይ አካል የፈለገው ግን እሱኑ ነው። እንግዲህ መቆየትዎ ነው» አለ፤ እንዳዘነልኝ ሰው።

ዝናቡም ቆየ። በማግሥቱ ደገመ፣ በሦስተኛውም ቀን ትንሽ አካፋ። ነጋዴው «ዶክተር፣ ዝናቡ ያንተን ፕሮግራም አይሰማም መሰለኝ» እያለ ይቀልድብኝ ጀመር። እኔ ግን ፈራሁ። የእኛ ሥራ ይሆናል እንጂ ሆነ አይልም። ተሳስቼ ከሆነ አንዲት ሴት በእኔ የተነሳ ወቅቱ ያልፍባታል። አንድ ሌሊት ሳላስበው ዝናቡ እንዲቆም ስጸልይ ራሴን ያዝኩት። በዚህ አገር ሰው እንዲህ ያለ ጸሎት ሲያደርስ ተሰምቶ አያውቅም። ማንም ባይሰማኝም አፈርኩ።

ማክሰኞ ደረሰ። ጠባቂው ከበሩ ውጭ ሬዲዮ ከፍቷል። በእኔ ሰዓት ዘፈን ለቀቁ፣ እሱ ሲያልቅ ሌላ ዘፈን። ሁላችንም ጆሮአችንን በሩ ላይ ጥለን ነበር። በመጨረሻ ነጋዴው ወደ እኔ ዞረ። «ዶክተር፣ ሰዓትህ አለፈ እኮ።»

እየቀለደ መሰለኝ። ሌሎቹ ግን ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡና መሀሉን ባዶ አደረጉልኝ። ተነሳሁ። ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከተትኩ። ቀበቶዬን ስለወሰዱብኝ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ እንደ ሁልጊዜው «እንደምን ዋላችሁ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ» አልኩ። ከዚያ ስለ በልጉ፣ ስለ ነፋሱ፣ ዘርን ስለ ማቆየት መናገር ጀመርኩ። «ለውጡ እየከፋ ሲሄድ...» ስል አዛውንቱ ከጥጋቸው ሆነው አቋረጡኝ።

«የቱ ለውጥ?»

«የአየር ንብረት» አሉ ሌሎቹ ባንድ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ቃሉን በጠራሁ ቁጥር ሳይጠየቁ እየሞሉልኝ ሄዱ። ጠባቂው በሩን መታና «ምንድን ነው ይሄ?» አለ። ነጋዴው «ትምህርት ነው» አለው። ትንሽ ቆይቶ የሬዲዮው ድምፅ ቀነሰ። ፕሮግራሙን ምንም ሳላስቀር ጨረስኩ። ከታሰርኩ ወዲህ ያልደከመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቀጥሎ በነበረው የስንቅ ቀን የአዛውንቱ ሚስት ቆጮ ይዘው መጡ። ሽማግሌው አጥሩ ጋ ቆመው ተነጋግረው ሲመለሱ ምግቡን መጀመሪያ ለእኔ አቀረቡ። «ዘፈን ብቻ ነበር አለች» አሉኝ። «የማክሰኞው ሰውዬ ካልተናገረ አልዘራም ብላለች፤ ጎረቤትም እንዲሁ።» ቆጮው በእጄ እንዳለ አለቀስኩ።

ዝናቡ በዚያው ሰሞን ጠፋ። ሰማዩ ጥርት አለ፣ ቆርቆሮው እንደገና ያነድደን ጀመር፣ ሳምንታት እንዲያው ሄዱ። ነጋዴው መቀለዱን ተወ። እኔም ደስ ሊለኝ አልቻለም፤ ያልሰሙኝና የዘሩ ሰዎች ማሳ በዓይኔ ይመጣ ነበር።

እውነተኛው ዝናብ ሳይጀምር አዛውንቱን ለቀቋቸው። እኔን ከዚያ በኋላ ያለ ክስ በመታወቂያ ዋስ አስወጡኝ። ቀበቶዬንና ስልኬን መለሱልኝ፣ ፕሮግራሜን ግን አልመለሱልኝም። ጣቢያው ለጊዜው ዕረፍ አለኝ፤ ጊዜው እስከ ዛሬ አላለቀም። አሁን በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ይናገራል፣ ጎበዝ ነው። «ለውጥ» የሚለውን ቃል ግን አይነካውም፤ «የአየር መዛባት» ይላል። አልፈርድበትም። እኔም ስብሰባ ላይ ቃሉ አፌ ላይ ሲደርስ ዙሪያዬን ቃኝቼ ነው የምለው።

ዘንድሮም በልግ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ በማግሥቱ፣ ስልኬ ጮኸ። አዛውንቱ ናቸው። «ዶክተር፣ ዘነበ» አሉ። «ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ቤት ነው። ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አድርጌዋለሁ፣ ተናገር።» ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ተነሳሁና ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከተትኩ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ» አልኩ። «በለውጡ ምክንያት የዘንድሮ በልግ...»

«የቱ ለውጥ?» አሉ አዛውንቱ።

ከወዲያ በኩል ወንዱም ሴቱም ልጁም ባንድነት መለሱላቸው። እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ ነገርኳቸው።