የቁልቁለቷን ጋሪ ማን ይሥራት?

በጣሊያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ሸዋ ሮቢት፣ ከወንዙ ዳር የብርቱካንና የሎሚ አትክልት ቦታ ነበራት፤ በገበያ ቀን ከዛፎቹ ሥር ፍሬና ብርዝ እንሸጣለን። ባሏ ዘምቶ ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

የደሴው መንገድ ሲሠራ ገበያተኛው በዚያ በኩል ማለፍ ጀመረና ደጃችን ጭር አለ። አንድ ቀን ለመንገድ ሠራተኞቹ ፍሬ ልንሸጥ ስንሄድ፣ ወጣቶቹ በምሳ ሰዓት ድንጋይ በሚያመላልሱባት ፉርጎ ላይ ተሳፍረው በሐዲዷ ቁልቁል ሲለቋት አየን። እየጮኹ ይወርዳሉ፣ ገፍተው ያወጧታል፣ ደግሞ ይወርዳሉ። መንገደኛው ሁሉ አህያውን አቁሞ ያያል። አክስቴ ቅርጫቷን እንኳ ሳታወርድ ስታያቸው ቆየችና፣ እንዲህ ያለች ጋሪ በአትክልቷ ቦታ እንደምታሠራ ነገረችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር።

ወሬው ሲሰማ ሦስት ሰዎች «እኔ ልሥራ» ብለው መጡ። አንደኛው የመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ጣሊያናዊ መካኒክ ነው፤ አስተርጓሚ አስከትሎ፣ የብረት ጋሪ የተሳለበት ወረቀት ዘርግቶ አሳየን። ሁለተኛው በሮቹና አልጋዎቹ የተወደሱለት የማጀቴ አናጢ ነው። ሦስተኛው የአሊዩ አምባ ቤት ሠሪ፣ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ናቸው።

አክስቴ አልቸኮለችም። ለእያንዳንዳቸው ትንሽ አምሳያ ሠርተው እንዲያመጡ ቀጠሮ ሰጠችና፣ እስከዚያው እኔን አስከትላ ሥራቸውን ልታይ ሄደች። ማጀቴ ላይ የአናጢውን እጅ ያላመሰገነ የለም፤ የሠራው ሲሰበር ግን ሰው ቢልኩበት አይመጣም አሉን። አሊዩ አምባ ላይ አንዲት ባልቴት ሽማግሌው የሠሩላትን ቤት አሳየችንና፣ ክረምት በወጣ ቁጥር ሳይጠሩ መጥተው ምሰሶውን እየነቀነቁ እንደሚያዩ ነገረችን። «ምሳ ብቻ አይቅርባቸው» ብላ ሳቀች። የጣሊያናዊውን ሥራ የት ሄደን እንደምናይ አላወቅንም፤ እሱም ነገ ወዴት እንደሚዛወር አያውቅም።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱ አምሳያዎች ከብርቱካኑ ሥር ተደረደሩ። አክስቴ ከማጀት የእንቁላል ቅርጫት አወጣች። በእያንዳንዷ ትንሽ ጋሪ አንድ እንቁላል አስቀምጬ፣ ወደ ወንዙ አሸዋ በሚወርደው ቁልቁለት እንድለቅ አዘዘችኝ። የመካኒኩ እንደ ጥይት ወረደች፤ እንቁላሉ በሮ አስተርጓሚው ደረት ላይ ፈረጠ። የአናጢው ውብ ነበረች፤ መካከሉ ላይ ካለው ጉብታ ስትደርስ ግን እንቁላሏን ጣለች። የሽማግሌው ጠማማ ነበረች፤ ሲጢጥ እያለች ወረደች፣ ጉብታው ላይ እንቁላሉ ብድግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ፣ መጨረሻው አሸዋ ውስጥ ገብታ ቆመች። እኔ በሳቅ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር።

አክስቴ ግን በዚህም አልበቃትም። መጀመሪያ የቱ ጋ እንደሚሰበር ሁሉንም ጠየቀች። መካኒኩ ብረት አይሰበርም አለ። አናጢው ተቀየመ። ሽማግሌው ጺማቸውን እያሻሹ የመንኮራኩሯን ዘንግ በጣታቸው ነኩ።

«እዚህ ጋ ነው፣ እትዬ። ስለዚህ ሌላ ሁለት ዘንግ ሠርቼ አስቀምጣለሁ። ኢንሻአላህ ስትሰበርም የምመጣው እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይሥሯት» አለች አክስቴ።

በወይራና በግራር እንጨት፣ በጠፍር እያሰሩ ሠሯት። ከቁልቁለቱ አናት ተነሥታ በእንጨት ሐዲድ እስከ ወንዙ አሸዋ ትወርዳለች። በተመረቀች ቀን ሽማግሌው «ከእኔ በፊት ማንም አይቀመጥም» አሉ። ቢስሚላህ ብለው ሲወርዱ ጥምጥማቸው ተፈትቶ ከኋላቸው እንደ ሰንደቅ ተውለበለበ፤ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው።

ቀጥሎ እኔና አክስቴ ተቀመጥን። መጀመሪያ ቀስ አለች። ከዚያ ዛፎቹ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመሩ፣ ጉብታው ላይ እንደ እንቁላሉ ብድግ ብለን ተመልሰን ተቀመጥን፣ የአክስቴ ነጠላ ፊቴ ላይ ተጠቀለለ። ከነጠላው ውስጥ ሆኜ አንድ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። አሸዋው ላይ ስንቆም ነጠላውን ገልጬ አየሁ፤ አክስቴ እንባዋ እስኪፈስ እየሳቀች ነው። ሽማግሌው የደነገጠች መስሏቸው ውኃ ይዘው ሮጡ። ውኃውን ተቀብላ ከሳቋ የተነሣ መጠጣት አቃታት።

ከሰዓት በኋላ መካኒኩ መጣና ሰልፉን ትቶ ወደ ፊት አለፈ። ያኔ ጣሊያንን ወደ ኋላ በል የሚል አልነበረም። አክስቴ ግን በእጇ ከአንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ኋላ ያለውን ቦታ አሳየችው። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ተሰለፈ። ወርዶ ሲጨርስ ባርኔጣውን ወንዙ ወስዶበት ነበር፤ እሱ ግን ሳይፈልገው ተመልሶ ከሰልፉ ጭራ ቆመ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰዉ አልሄድም አለ። ሙስሊሙ ለመግሪብ ሰላት ገለል ብሎ ሲሰግድ ሰልፉ ቦታውን ጠበቀለት። እኔ መዝጋት ያለብን መስሎኝ ነበር። አክስቴ ግን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «አንድ ጊዜ ብቻ» አለችኝ፤ ተያይዘን ዳገቱን ወጣን።