የሳሙናው ቅሪት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሐሜቴንና የሻርሁትን ጾም እየዘረዘርሁ ይህችን ስዘላት ኖርሁ። አሁን መዝለሉም ደከመኝ፤ አንባቢ፣ አንተ ስማኝ።

ጎንደር ላይ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። እናንየ የምትባል የዛሪማ ልጅ የመመረቂያ ጥናቷን የሠራችው በእኔ አማካሪነት ነበር። ሚቴን ጋዝና ውሃ በብርድና በኃይለኛ ግፊት ሲገናኙ በረዶ የመሰለ ጠጣር ይሠራሉ፤ ጋዙም እዚያ ውስጥ ይታሰራል። ብቻቸውን ከተተዉ ግን አዝጋሚ ናቸው። እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ነገር ጠብ ሲልባቸው ነው የሚፈጥኑት። እናንየ ታዲያ ነጠላ የምናጥብበት እንዶድ ይህን ይሠራ እንደሆን ልትፈትን ተነሣች። አንዱን ዕቃ በእንዶድ፣ ሌላውን ለማነጻጸሪያ በንጹሕ ውሃ። ሸጋ ሐሳብ ነበር።

የንጹሑን ውሃ የብረት ዕቃ ያጠብሁት እኔ ነኝ። እኔው ራሴ፣ በዱቄት ሳሙና። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ያደገ ሰው እጁ ይሰስታል፤ በጀሪካን የቀረችውን ላለመጨረስ አንዴ ለቅለቅ አድርጌ አስቀመጥሁት።

ንጹሕ የተባለው ውሃ ከእንዶዱ እኩል ፈጥኖ ጠጠረ። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ተናገርሁ? አልተናገርሁም። ፈታኞቹ «ወይ እንዶዱን ቀላቅለሽበታል፣ ወይ ውጤቱን ፈጥረሽ ጽፈሻል» ሲሏት ወደ እኔ ዞረች።

«ኧረ አልቀላቀልሁም! ምነው መምህር፣ ይንገሩልኝ እንጂ!»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ዕቃ ማጠብ አቃተው እንዳልባል ፈርቼ በሰው ልጅ ላይ አስፈረድሁ። ከእኛው ዘንድ መምህር ሆና ትቀራለች የተባለችው ልጅ ጥናቷ ወድቆ አገሯ ገባች። ውሃ ጠፍቶ ነው እንዳልል፣ ውሃ መጥፋቱ አፌን አልያዘኝም።

በቀደም፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ እዚሁ ጎንደር አራዳ ገበያ ላይ አገኘችኝ። ልትቆርብ ነውና ያስቀየመቻቸውን ሁሉ እየዞረች ይቅርታ ትጠይቃለች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

«መምህር፣ ሳላውቀው ቀላቅየው ይሆናል። በሰው ፊት አሳፈርሁዎ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

የገዛ እጇን እንዳታምን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እንኳ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የሚሰማን ሰው አልነበረም፤ የምፈራው አለቃም አጠገቤ አልነበረም። እኔ ግን ትከሻዋን ይዤ አነሣኋትና፣ እንደ ተበደለ ሰው፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጄ» አልኋት።

አመስግናኝ ሄደች።