የእናቴ ኩባያዎች

«እሺ፣ ኩባያ ለምን ትሸከሚያለሽ? እሱ ቤት ኩባያ የለም?» አልኳት እንደገና።

እናቴ ኩባያዎቹን በአሮጌ ጨርቅ እየጠቀለለች ቅርጫቱ ውስጥ፣ ከቆጮው ጎን ትሰገስጋለች። አፋቸው ዙሪያውን ሰማያዊ የተቀባ ነጭ የብረት ኩባያዎች ናቸው፤ ከሣጥን የሚወጡት ለሰባኪ ወይም ለአማች ብቻ ነበር።

«ይኖራል» አለች በመጨረሻ። «ማን እንደሚጠጣበትም እናውቃለን።»

«ወንድሜ ነዋ የሚጠጣበት።»

«ከእሱ ሌላስ?»

ከእሱ ሌላ ሚስቱ ነበረች። ታላቅ ወንድሜ አዋሳ ሄዶ የጀልባ ቀዛፊ ሆነ፤ እዚያው ሳለ ከአገራችን ከዳምቦያ የሸክላ ሠሪዎች ልጅ አገባ። ሰው እነዚያን ሸክላ ሠሪዎች የሚጠራበት ስም አለ። ስም ሳይሆን ስድብ ስለሆነ እኔ አልጽፈውም። የእናቴ ድስትም ሆነ እንስራ የእነርሱ እጅ ሥራ ነው። ከገበያ ገዝታ ስታመጣው መጀመሪያ በእሳት ታጥነዋለች፤ ከዚያ በኋላ የእኛ ዕቃ ይሆናል። ሰውን የሚያጥን እሳት ግን አልተገኘም።

አባቴ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ተዋት» አለኝ። «መንገዱ ረጅም ነው፤ ውሃ ይጠማናል።»

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። የጌታ እራት ሲሆን ጽዋውን ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ የሚያዞረው እሱ ነበር።

«እሑድ ለእነርሱም ጽዋ ትሰጣለህ» አልኩት።

«የጌታ ጽዋ ሌላ፣ የሰው ኩባያ ሌላ።»

እውነቱን ነው። ደግሞም ሸክላ ሠሪዎቹ የሚቀመጡት መጨረሻው አግዳሚ ላይ ነበር። ጽዋው ከእነርሱ በኋላ የሚሄድበት ሰው የለም።

«አንተ ነገር አዋቂ» አለች እናቴ ቅርጫቱን እያነሳች፣ «ስታገባ ትነግረናለህ።»

የአገራችንን የአዲሎን ዝንጅብል በመኪናው ወደ አዋሳ የሚያመላልስ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ነበር። የወንድሜን መልእክት ያመጣው የእሱ ሾፌር ነው፦ «ኑና ሐይቁን ላሳያችሁ። ምሳ እኔ ቤት ነው። ማታ በዚያው መኪና ትመለሳላችሁ።» ሐይቁ ምክንያት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወንድሜ የፈለገው አባታችን ቤቱ ገብቶ አንድ ጉርሻ እንዲቀምስለት ብቻ ነው። አባቴ ከበላ ዘመድ ሁሉ ይበላል፤ የሚወለደውም ልጅ አዲሎ መጥቶ አያቱ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። ካልበላ ልጁ የእኛ አይደለም።

እናቴና አባቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ እኔ ላይ ከጆንያዎቹ ጋር ወጣሁ። ከአላባ እስከ ሻሸመኔ ያለው አቧራ ዓይኔን ደፈነው። አዋሳ ስንደርስ ሽማግሌ መስዬ ነበር። ከተማዋ ግን ገና ልጅ ናት፤ መንገዶቿ በገመድ የተለኩ ይመስል ቀጥ ያሉ፣ ቤቶቿ ገና ቀለማቸው ያልደረቀ። ሐይቁ ዳር የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ከዛፎቹ ኋላ ይታያል። ከእሱ ወረድ ብሎ ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ወደብ አለ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ እጃቸውን ኋላ ያጣመሩ መስለው፣ አሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት ይጠብቃሉ።

ወንድሜ ከጀልባው ዘሎ ወረደና የአባቴን ጉልበት ሳመ። አባቴ አነሣው፤ ትከሻውን ጨበጥ አድርጎ፣ «ጠቁረሃል» አለው።

«ውሃው ፀሐይን መልሶ ይወረውራል፣ አባዬ።»

ጀልባው ላይ አሳፈረን። እናቴ ቅርጫቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ያዘች። አባቴ በሕይወቱ ውሃ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ጀልባው ሲወዛወዝ የወንድሜን ክንድ ለቀም አደረገ፤ መሬት እስክንመለስ አልለቀቀውም። ወንድሜ በአንድ እጁ እየቀዘፈ ዞረን ዞረን ተመለስን። ጉማሬ አፉን ሲከፍት አባቴ፣ «የእኛ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ» አለና እስኪያስለው ሳቀ። እናቴም ሳቀች። ያን ጊዜ ነገሩ የሚሆን መስሎኝ ነበር።

ወደቡ ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ስናርፍ ግን እናቴ ቅርጫቱን ፈታች። ቆጮውን ቆረሰች፣ አይቡን አወጣች።

«አማ» አላት ወንድሜ፤ እኛ ቤት እናት የምትጠራው እንዲህ ነው። «ምሳ ተሠርቷል እኮ።»

«ይሁን። የመንገደኛ ሆድ ነው።»

ወንድሜ እያየው አባቴ በላ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሐይቁ አዞረ። በመቅዘፊያው መሬቱን እየጫረ፣ «ብሉ» አለ። «እዚያም ትደግማላችሁ።»

ቤቱ አንድ ክፍል ነበር፤ ጣሪያውም በሩም ቆርቆሮ። በሩ መሬቱን ስለሚታከክ፣ «ቀና ተደርጎ ነው የሚዘጋው» አለን ወንድሜ፤ እንደዚያ አድርጎ አሳየን። ሚስቱ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማ ነበር። ሆዷ ገፍቷል። ለሰላምታ እጇን ዘርጋ አደረገችና መልሳ ሰበሰበችው፤ በእጅ ፈንታ በወገቧ ጎንበስ አለች።

ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ቆሮሶ አሣ፣ እንጀራ፣ ጎመን ተሰልፏል። ሳህኖቹ ያብረቀርቃሉ። አንዱን ብርጭቆ ባነሣው ከሥሩ የሱቁ ወረቀት አልተላጠም።

«አዲስ ናቸው» አለች ለአባቴ፣ ቀና ሳትል። «እኔ አልጠጣሁባቸውም። አሣውንም የጠበሰችው ጎረቤቴ ናት፤ የቄስ ልጅ ናት። እጄን አላስገባሁበትም።»

ይህን ለማለት ስንት ቀን እንደተለማመደችው እንጃ። ወንድሜ ከዚያ በፊት የማያውቀው ነገር ነበር መሰለኝ፤ ፊቱን አይቼ ነው።

እኔ ተቀምጬ አሣውን ጀመርኩ። እናቴ ዝም አለችኝ። ያላገባ ልጅ የትም ቢበላ አይቆጠርም፤ ዘመዶቼ ያንን እንደ ዶሮ ጭረት ነው የሚያዩት። ያን ቀን የበላሁት አሣ ጣፋጭ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ምንም እንዳልጠቀመም አስታውሳለሁ።

አባቴ እጁን ጭኑ ላይ አኑሮ ሳህኑን ያየዋል። «እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ። «እኔ ግን ጸሎት ይዣለሁ፤ ጾመኛ ነኝ።»

«አይብ ስትበላ ሳይህ ነበር፣ አባዬ» አለ ወንድሜ።

«ከዚያ ወዲህ ነው የያዝኩት።»

ማንም አልሳቀም።

እናቴ ቅርጫቷን ወደ እግሯ ሳብ አደረገች። ጨርቁን ፈትታ ሰማያዊ አፍ ያለውን ኩባያ አወጣች፤ በአዲሶቹ ብርጭቆዎች መሐል አኖረችው። «ውሃ ብቻ» አለች። «ለእሱ ጉሮሮ።»

የወንድሜ ሚስት ኩባያውን አየችው። ከዚያ ጥግ ያለውን እንስራ አነሣችና ኩባያው ላይ ሳትነካው ከፍ አድርጋ ቀዳች፤ አንድ ጠብታ ውጭ አልፈሰሰም። እንስራው እናቷ የሠራችው መሆን አለበት፤ አንገቱ ላይ ያለውን ጭረት ከእኛ ቤት እንስራ አውቀዋለሁ። አባቴ ኩባያውን አንሥቶ እስከ ከንፈሩ አደረሰ። የተቀዳው ከእሷ እንስራ እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ ያለው ይመስለኛል። ከንፈሩ ሳይርስ መልሶ አስቀመጠው።

«አባዬ» አለ ወንድሜ፣ በሹክሹክታ።

አባቴ መሬት መሬት ያያል። እናቴ ኩባያውን በጨርቁ መጠቅለል ጀመረች፤ ውሃው ውስጡ እንዳለ ትዝ ሲላት እጇ ቆመ። የምትደፋበት አጣች።

የወንድሜ ሚስት እንስራውን ቦታው መለሰች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነጠላዋን አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«እኔ ልውጣላችሁ» አለች። «ስወጣ ብሉ፤ ይቀዘቅዛል።»

ወንድሜ ብድግ ሲል፣ «ተቀመጥ፤ እንግዳ አለብህ» አለችው። አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወጣች። በሌላው እጇ በሩን ቀና አድርጋ፣ መሬት ሳታስነካ፣ ዘጋችው።