ከምርጊቱ ሥር ያለው መስመር

ከእኛ በላይ ያለው ሰፈር አስፋልት ከሆነና ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ከለበሰ ወዲህ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው ወደ ጣና የሚወርደው በእኛ ደጅ ነው። አንድ ክረምት ቤቴ ገብቶ፣ ግድግዳዬ ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ መስመር ትቶ ሄደ።

በግንቦት ጎርፉ የደረሰበትን የሚጽፉ ሰዎች መጡ ተባለ። ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ፣ «ውሃ ይገባል ያለ ቤቱ ይነሣል አሉ። ያንቺ ምላስ ደግሞ አያርፍም» አለችኝ።

«የኔ ምላስ ምን አረገሽ?»

«ለቆጠራ የመጣውን ሰውዬ የዶሮሽን ጠባይ ሳይቀር አልነገርሽውም?»

ሣቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሣቀም። ባሌ ከሞተ ወዲህ እኔና ልጄ ያለን ይኸው አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ያን ዕለት ጭቃና ጭድ አቡክቼ ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ መረግሁት። መስመሩ ጠፋ።

በማግስቱ አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጣች። ግድግዳውን በጣቷ ነካ አረገችው፤ ገና እርጥብ ነው።

«እናቴ፣ እዚህ ጎርፍ ይገባል?»

«ኧረ ልጄ፣ ውሃ በዚህ አልፎ አያውቅም።»

«ክረምት ሊገባ ሲል ይመረጋል እንዴ?»

«ለልደታ ብዬ ነው።»

«ልደታ አልፋ የለ?»

«ዘግይቼ ነው።»

ወረቀቷ ላይ ጻፈች። እኔ ፊደል የማነበው አንድ በአንድ እየለቀምሁ ነው፤ አንገቴን ሳሰግግ ወረቀቱን ወደ ደረቷ መለሰችው። ምን ደብቃ ይሆን እያልሁ ሰነበትሁ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ዝናቡ ቀደመኝ። ቤት ስደርስ ውሃው ጭኔን ይዞኛል። ልጄ አልጋው ላይ ቆማ ደብተሮቿን ታቅፋለች።

«እማ፣ አልጋው እየሄደ ነው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

አዝዬ አወጣኋት። ሸክሟ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ውሃው በጎደለ በሳምንቱ መሐንዲሷ በዚያው ስታልፍ አየኋት፤ ጠራኋት።

«ያን ጊዜ ምን ነበር የጻፍሽው?»

«ያሉኝን ነዋ። ውሃውን ከላይ ይዞ የሚያሳርፍ ኩሬ የምንቆፍረው ጎርፍ ከሚገባበት ሰፈር በላይ ነው። እዚህ ሁሉም አይገባም አለ፤ ኩሬው ወደ ማዶ ሄደ።»

ሁሉም። ለካ ጎረቤቶቼም እንደኔው መርገው ኖሯል።

ቢላዋ አንሥቼ ምርጊቱን ፈቀፈቅሁት። የቀድሞው መስመር ከሥር ወጣ፤ የዘንድሮው ከሱ በላይ አለ።

«አሁን ቤቴን ታስነሺዋለሽ?»

«እኔ የያዝሁት የውሃውን ነገር ነው፣ እናቴ። ኩሬው ይመለስ እንደሁ ጠይቄ እነግርዎታለሁ። የቤቱን እኔ አልወስንም።»

አላመንኋትም። ሜትሯን ዘርግታ «ጫፉን ይያዙልኝ» ስትለኝ ግን፣ ጎንበስ ብዬ ከወለሉ ጋር ያዝሁላት።