የመጋዘኑ ዲፌንስ

ያስገቡን ዳንግላ ውስጥ ማዳበሪያ ይከማችበት የነበረ መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ብርሃን ነበር። የጣሪያው ቆርቆሮ በምስማር ተበሳስቶ ፀሐይዋ በቀጫጭን ክር ወለሉ ላይ ትወርዳለች፣ አቧራው ውስጧ ቀስ እያለ ይዋኛል። የማዳበሪያው ሽታ አፍንጫ ይቆነጥጣል። "ግቡ፣ ግቡ፣ ቦታ አለ" አለን አንድ ድምፅ፣ ድግስ የጠራን ይመስል። ቦታ ግን አልነበረም።

ሁለት ነበርን። እኔ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። አብሮኝ የገባው ተማሪዬ ነው። ተማሪ ስል ልጅ እንዳይመስላችሁ፤ አዘና በኩል ባዮሎጂ የሚያስተምር፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ክረምት ክረምት እየመጣ ማስተርሱን የሚማር ሰው ነው። እንጅባራ እናቴ ቤት ለእረፍት እንደመጣሁ የመመረቂያ ጽሑፉን የመጨረሻ ቅጂ ሊያሳየኝ መጣ። እኔን ሊወስዱ የመጡት ሰዎች እዚያው አገኙት። "አንተስ ማነህ?" አሉት። "ተማሪው ነኝ" አለ። በቃ፣ እሱንም ጫኑት። ዲፌንሱ፣ ማለትም ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ቆሞ የሚከላከልበት ቀን፣ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ለምን እንደተያዝኩ በወረቀት የነገረኝ የለም። መርማሪው ከሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው የገባኝ። ዩኒቨርሲቲያችን በአጭር ጊዜ ከዓለም ምርጦች ተርታ እንዲሰለፍ ዕቅድ ይውጣ ተብሎ፣ እኔም ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበርኩ። ዓመቱን ሙሉ የሌላ አገር ዩኒቨርሲቲዎችን ስናይ ከረምን። አንዱ አገር ምሁራኑን ከያሉበት ጠርቶ ሰብስቧል፣ ሌላው ደካማ ኮሌጆቹን አዋህዷል፣ ሌላው ለጥቂቶቹ ብቻ ገንዘቡን አፍስሷል። ሁሉንም ጻፍነው፤ የሚያማምሩ ፎቶዎችም ለጠፍንበት። ዕቅዱ የቀረበ ቀን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተነሣሁና "ይኼ የጻፍነው ምኞት ነው። ቤተ ሙከራችን ውኃ እንኳ የለውም" አልኩ።

"አገርህ የዓለም ደረጃ ያለው ዩኒቨርሲቲ እንዲኖራት አትፈልግም?" ይለኛል መርማሪው። ኧረ እፈልጋለሁ! ከሱ ይበልጥ እፈልጋለሁ። ብምልለትም አላመነኝም።

መጋዘኑ ውስጥ ቀኑ ይንሳፈፋል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ በበሩ ሥር ይገባና የተኛው ሰው ሁሉ ግማሹ ይጠፋል፤ ከዚያ ጭንቅላት ብቻ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ቀስ በቀስ ሰው ይሆናል። እኔ በነቃሁ ቁጥር እናቴ ቤት ያለሁ ይመስለኝና ለመነሣት እጄን ወደማላገኘው የአልጋ ራስጌ እሰድዳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተማሪዬ ጉልበቱን አቅፎ፣ "ዛሬ ነበር እኮ" አለ። አንጀቴን በላው። እዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

"ምኑ ነው ዛሬ?" አሉ አጠገባችን ያሉት ሐጂ። ዳንግላ ጨርቅ የሚሸጡ፣ የታሰሩበትን ምክንያት ጠይቄያቸው "እሱን እኔም እነሱን እየጠየቅሁ ነው" ያሉኝ ሽማግሌ ናቸው። ነገርናቸው።

"ታዲያ እዚሁ ይከላከላ! ሰው አለ። ጊዜ ደግሞ ሞልቶ ተርፏል።"

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ኮታቸውን አውልቀው አለበሱት፤ እጅጌው አጠረው። ራሳቸውን ሰብሳቢ አደረጉ። ሰዓታችንን ስለወሰዱብን በጣታቸው ወለሉ ላይ መስመር አሰመሩና፣ "ፀሐይዋ እዚህ ስትደርስ የዙህር ሶላት ይገባል፤ ከዚያ በፊት ጨርስ" አሉት። አንደኛው ፈታኝ እኔ ሆንኩ። ሁለተኛው ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ገጠር የመጡ ገበሬ ሆኑ፤ በመጀመሪያው ቀን ዶክተር መሆኔን ሲሰሙ "እስቲ ይቺን ጉልበቴን እያት" ብለውኝ፣ የአፈር ዶክተር ነኝ ብላቸው ያዘኑልኝ።

ተማሪዬ ለአዳራሹ ባጠናው እንግሊዝኛ ጀመረ፤ ማንም አልገባውም። ቆም አለና ወደ አዊኛ ዞረ። ወይ ጉድ! ሁለት ዓመት ሳስተምረው እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በባዶ እጁ ዲከረንስ የምንለውን ግራር ይተክላል፣ ያሳድጋል፣ ይቆርጣል። ገበሬው በደከመ መሬቱ ላይ ግራሩን ተክሎ፣ ሲደርስ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል አክስሎ፣ መሬቱን መልሶ ጤፍ ይዘራዋል። "ግራሩ የቆመበት አፈር ይድናል፤ ለክቼ አረጋግጫለሁ" አለ። እጆቹ ሲንቀሳቀሱ የብርሃኑ ክሮች ግንድ ግንድ ይመስላሉ። ግድግዳው የሄደ መሰለኝ። ጫካ ውስጥ ተቀምጠን ነፋስ የምንሰማ መሰለኝ፣ አላፍርም፣ ደስ አለኝ።

ሐጂ መስመሩን አዩና፣ "ጥያቄ" አሉ።

ገበሬው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ጥሩ ተናገርክ። አፈሩን ከማሳው የቱ ጋ ነው የቆፈርከው?"

"ለም ለም ያለውን ባለቤቶቹ አሳዩኝ፣ አባባ። ጥቁር፣ ልስልስ ያለ አፈር ነው።"

"ከሰሉ የከሰለበት ይሆን?"

ተማሪዬ ያጠረውን የኮት እጅጌ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገ።

"ከሰል የከሰለበት ላይ ጤፉ ለብቻው ነው የሚፋፋው። አመዱ ነዋ! እሱን ልጆቻችንም ያውቁታል። ግራሩ ብቻ የቆመበትንስ ቆፍረሃል?"

እኔም ወዲያው ገብቶኛል። አልቆፈረም። የለካው የከሰሉን አመድ እንጂ ግራሩን አልነበረም። እኔ አማካሪው ማሳውን አንድ ቀን ሄጄ ባየው ኖሮ በመጀመሪያው ሰዓት እይዘው ነበር። መቼ ልሂድ? የዓለም ደረጃ ዕቅድ እየጻፍኩ ነበራ! ጽሑፉ ላይ የፈረምኩት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው።

ፈታኞች ሲመክሩ ተፈታኙ ውጭ ይወጣል። ውጭ አልነበረንም። ጥግ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ።

"እለፍ በሉት" አሉ ሐጂ በሹክሹክታ። "የታሰረ ሰው ነው፤ ማን ያየናል?"

"እኔ መሬት አላስዋሽም" አሉ ገበሬው። ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ።

ማለፍ አለበት ብዬ አፌን ልከፍት ምንም አልቀረኝም። በኔ ጦስ ልጆቹን ሳያይ ሦስት ቀኑ ነው፤ አንድ ቃል ብሰጠው ምን ይጎድልብኛል? ጀርባውን አየሁት። ጆሮውን የምሩን ነው የደፈነው፤ ጭንቅላቱን እስኪጨምቅ። የምሩን እየተፈተነ እኔ ልቀልድበት ነው? አቃተኝ።

ጠራነው። ውጤት ሲነበብ ቆሞ ነው የሚሰማ ብዬ ስለነበር መጋዘኑ በሙሉ ተነሣ፤ ታሞ የተኛ አንድ እስረኛም ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

"አላለፍክም" አልኩት። "ናሙናው እንደገና መወሰድ አለበት። ጥፋቱ የኔም ነው። ማሳህን ሳላይ ፈርሜልሃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ፊቱ ጠቆረ። ለአፍታ የሚያለቅስ መሰለኝ። ከዚያ የሐጂን ኮት ቆለፈ፣ ለገበሬው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፣ ለኔም። "አመሰግናለሁ። ስወጣ እንደገና እቆፍራለሁ" አለ።

አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሁሉም ተከተለ። በሩ ተበርግዶ ፖሊሱ ገባ። "ምንድን ነው ይኼ? ምን ተሰብስባችሁ ነው?"

"ፈተና ላይ ነን" አለው ተማሪዬ፣ ቀና ብሎ፣ እንደ አስተማሪ። "አልጨረስንም። ትንሽ ውጭ ይጠብቁን።"

ፖሊሱ ኮቱን አየ፣ ቆመን ያለነውን ሁሉ አየ። ወጣና በሩን በቀስታ ገጠመው።

እሱ ከወር በኋላ ተፈታ፤ እኔ ቆየሁ። ወደ ሥራ ስመለስ የሱ የምዝገባ ጊዜ አልፎ ስሙ ተሰርዞ ጠበቀኝ። አንዳንድ ጠዋት ምን ነበር ባሳልፈው እላለሁ፤ ያ ቃል የትም እንደማይቆጠርለት እያወቅሁ እንኳ እላለሁ። ጥፋቱ የአማካሪው ነው ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አንብቦ፣ "ይህ ፋይልህ ውስጥ እንደሚቀመጥ ታውቃለህ?" አለኝ። "ይቀመጥ" አልኩት። ከብዙ ምልልስ በኋላ መልሰው መዘገቡት። በዚህኛው ዙር ማሳው ድረስ አብሬው ሄድኩ፤ ጭቃው ጫማዬን አስቀረው።

ባለፈው ሳምንት ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

"ዶክተር፣ ውጤቱ መጣ። ግራሩ ብቻውን ያን ያህል አላደረገም።"

"ያን ያህል ስትል?"

"ትንሽ ነው። በጣም ትንሽ። ምን ብዬ ልጻፈው?"

"ትንሽ ነው ብለህ ጻፈው።"

"እሺ፣ ቆዩኝ" አለና ስልኩን ሳይዘጋ መጻፍ ጀመረ። እስኪጨርስ ይዤ ጠበቅሁት።