ፀሐይ ላይ የዋለው ወይን

ልጅ እያለሁ ቁጭ ማለት አልችልም ነበር። እግሬ ቢያርፍ እጄ፣ እጄ ቢያርፍ ዓይኔ አያርፍም። እማዬ «ይቺን ልጅ መርፌ ላይ ነው እንዴ የወለድኳት?» ትል ነበር። አባዬ ቦንጋ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር፤ ስልሳ ተማሪ በአንድ ሳል ጸጥ የሚያሰኝ ሰው እኔን አንዷን ማስቀመጥ አቅቶት ከስሜ ይልቅ «አርፈሽ ተቀመጪ» የሚለውን ደጋግሞ ይጠራው ነበር።

ከቤታችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ማርኮ የሚባል ጣሊያናዊ ተከራይቶ ይኖር ነበር። የጫካ ቡና ሊያጠና ነው የመጣው። ሳምንቱን በየጫካው ሲዞር ይከርምና ቅዳሜ ጭቃውን ተሸክሞ ይመለሳል። አማርኛውን ከገበያ ስለለቀመው አባዬንም እማዬንም «አንቺ» ይላቸዋል። አባዬ ሲያርመው ደንግጦ ይቅርታ ይጠይቅና እዚያው ላይ «እሺ ጋሽ ታደሰ፣ አንቺ ልክ ነሽ» ይላል። እማዬ በሳቅ ትሞታለች።

አንድ የግንቦት ማለዳ ማርኮ እናቱ በጠና መታመማቸውን ሰማና ሻንጣውን ማሰር ጀመረ። ከመሄዱ በፊት በሹራብ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዞ ወደ ቤታችን ገባ። ያደገው ቶስካና በሚባለው የጣሊያን ክፍል፣ ባሕር ፊት ለፊት በሚታይበት ኮረብታ ላይ መሆኑን ያን ቀን ነው የነገረን። ወደ መንደሩ የሚያስገባው መንገድ ግራና ቀኙ የፈረንጅ ጥድ የተሰለፈበት ነው። መሬቱ ጠጠር ይበዛዋል፤ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ የሚመጣ ነፋስ የወይኑን ተክል ያቀዘቅዘዋል። አባቱ እዚያ ሦስት ዓይነት ወይን ተክለው ነበር፤ ካበርኔ፣ ሜርሎና የአገሩን ሳንጆቬዜ። እያንዳንዱን ለብቻው ጠምቀው፣ በእንጨት በርሜል አስተኝተው፣ ከዓመት በላይ ካቆዩት በኋላ እየቀመሱ ያዋህዱታል። «አንዱ ጉልበት፣ አንዱ ልስላሴ፣ አንዱ ሽታ ያመጣል» አለ ማርኮ በጣቶቹ እየቆጠረ።

እማዬ ጠጅ ጣይ ናት። ነገሩ አልገባትም። «እኛ ዘንድ እኮ ማር የሚቀላቅል ሌባ ነው» አለች።

«እዚያ ጥሩ የሚቀላቅል ሰው ትልቅ ሰው ነው» አለ ማርኮ እየሳቀ። ቀጥሎ ግን ሳቁ ጠፋ። ይሄ ወይን በአገሩም ውድ ነው፤ ጠርሙሱ ደግሞ አባቱ ከመሞታቸው በፊት በእጃቸው ያዋሃዱት የመጨረሻው ነበር። ሌላ አልቀረውም። «ጨለማ ቦታ፣ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ተጋድሞ ይቀመጥ። እመለሳለሁ፣ አብረን እንጠጣለን።» አባዬ ተነስቶ በሁለት እጁ ተቀበለው። «አደራህን እጠብቃለሁ» አለው።

ጠርሙሱ በሳጥን ውስጥ፣ ጭድ ተጎዝጉዞለት፣ ከአባዬ አልጋ ሥር ገባ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ አላረፍኩም። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምሄደው ወደ አልጋው ሥር ነው። በደረቴ ተስቤ ገብቼ እዳስሰዋለሁ፤ ብርድ ብርድ ይላል። በተለጠፈበት ወረቀት ላይ ኮረብታ ተሥሏል። ጠርሙሱ ግን ከመጥቆሩ የተነሳ የውስጡን አያሳይም። ባሕር የሚያየው ወይን ምን ዓይነት ቀይ ይሆን? ይሄ ጥያቄ እንደ ቁንጫ ይበላኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ለሳምንት ያላቋረጠ ዝናብ አንድ ቀን ድንገት አባራ። ቦንጋን የሚያውቅ ያንን ቀን ያውቀዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ የረጠበ ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱንና ጫማውን ይዞ ይወጣል፤ ግቢው ሻጋታና እርጥብ ጥጥ ይሸታል። አባዬ ፍራሾቹን አውጥቶ ወደ ገበያ ሲሄድ እኔ ጠርሙሱን አወጣሁ። ቀለሙን በፀሐይ ለማየት ብቻ ነበር። አንስቼ ወደ ፀሐይ ብይዘው ምንም አልታየኝም። ትንሽ ቢቆይ ብርሃኑ የሚዘልቅ መስሎኝ የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አጋደምኩት። ወዲያው ጓደኛዬ አልማዝ ከአጥሩ ውጭ «ሰኞ ማክሰኞ ልንጫወት ነው፣ ነይ!» አለችኝ። ሮጥኩ።

ትዝ ያለኝ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ስደርስ ጠርሙሱ እንደ ማንቆርቆሪያ ይፋጃል። ቡሹ ግማሽ ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ፣ በሥሩ ቀጭን ቀይ ነገር ፈስሶ ወረቀቱ ላይ ያለውን ኮረብታ ነክሮታል። የጓጓሁለትን ቀለም አየሁት፤ ግን ደስ አላለኝም። ቡሹን በመዳፌ እስኪያመኝ ገፋሁት፣ በቀሚሴ ጠረግኩት፣ የቆሸሸውን ጎን ወደ ታች አድርጌ ወደ ሳጥኑ መለስኩት።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሦስት ወራት እንዴት እንዳለፍኳቸው አላውቅም። የላንድክሩዘር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ማርኮ የመጣ እየመሰለኝ ሽንት ቤት ገብቼ እደበቃለሁ። አባዬ ለጎረቤት «የሰው አደራ አለብኝ» እያለ በኩራት ሲያወራ ስሰማ ደግሞ ከግቢው እወጣና እስከ ወንዙ ሮጬ እመለሳለሁ። አደራ በላ የሚለው ስድብ በእኛ ሰፈር ከሌባ ይከፋል።

ኅዳር ላይ እማዬ አልጋ ሥር ጠርጋ ጠርሙሱን እያሸተተች ብቅ አለችና እኔን አየችኝ።

«ሆምጥጧል» አለች።

እጆቼን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

«ለአባትሽ ማን ይንገረው? አንቺ ወይስ እኔ?»

ነገርኩት። አባዬ አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስቶ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣ። «ስለ አንቺ ብዬ አልዋሽም። ስለ አንቺ ብዬም ይቅርታ አልጠይቅም። ያጠፋሽው በእጅሽ ነው፣ በእጅሽ ጻፊ። እኔ እተረጉመዋለሁ።»

የጻፍኩት ዛሬም በቃሌ ነው። «ማርኮ፣ ወይንህን ፀሐይ ላይ ረሳሁት። ቡሹን በእጄ ገፋሁት። ሦስት ወር ደበቅሁ። አደራህን የበላሁት እኔ ነኝ እንጂ አባዬ አይደለም።» አባዬ ሲተረጉም የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

መልስ አልመጣም። በጥር ማርኮ ራሱ መጣ፤ ከስቶ፣ ጢሙን አሳድጎ። አባዬ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቆመ፤ መቀመጥ አልቻለም። ማርኮ ቡሹን ነቀለ፣ አሸተተ፣ ጥቂት ቀመሰ።

«አቼቶ» አለ።

የእኛም ቃል የእነሱም ቃል ነውና አስተርጓሚ አላስፈለገም። ወጥቶ አጥሩ ጋ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በመስኮት አየሁት። ሕይወቴ እዚያ ያበቃ መሰለኝ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። እማዬን «ቲማቲም አለሽ? ሰላጣ?» አላት። ከትፋ አቀረበችለት፤ የአባቱን ወይን በማንኪያ እየለካ አፈሰሰበት። «እናቴ ከሆመጠጠ ወይን እንዲህ ትሠራ ነበር» አለ። «ነበር» ሲል እናቱም እንዳረፉ ገባን። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ማርኮ መጀመሪያ ያጎረሰው እኔን ነው። ጥርሴን ነዘረኝ፤ ቀጥሎ አፌ ውስጥ እንጆሪ የሚመስል ነገር ቀረ። «ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ እናቴም ሰምታዋለች» አለኝ።

ዛሬ ቦንጋ ሌላ ከተማ ናት። ባጃጁ መንገዱን ሞልቶታል፤ ሆቴሎቹ የውጭ ወይን በመደርደሪያ ደርድረዋል። ይቅርታም በስልክ ተጽፎ እዚያው መልስ ያገኛል፤ ወር ሙሉ በፖስታ የሚጓዝ ጥፋት ምን ያህል እንደሚከብድ ልጆቼን ማስረዳት አልቻልኩም። አባዬ ካረፈ ቆይቷል። ባለፈው ክረምት ከእማዬ ጋር ፍራሽ ፀሐይ ላይ ስናወጣ ድንገት ቆም አለች።

«ያን ቀን እኮ አይቼው ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጠርሙሱን። ቆርቆሮው ላይ። አባትሽ እንደ ፍራሹ ያወጣው መስሎኝ ዝም ብዬ አለፍኩ። ሲሆመጥጥ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ማየትሽን ያኔ ለምን አልነገርሽንም?»

ፍራሹን ገልበጥ አድርጋ መታ መታ አደረገችው። «ፈራሁ» አለች።

እናት ትፈራለች ብዬ ያኔ አስቤ አላውቅም ነበር። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ምን ያህል እንደምትፈራ አውቃለሁ። የፍራሹን ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩላት።