የሲፈን አፍ የተከፈተበት ቀን

ወንድሞች፣ እህቶች፣ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላቃተኝ ጌታ ለቤቴ ያደረገውን ልናገር ተነስቻለሁ። ስሙ ይባረክ።

የማያውቀኝ ካለ፣ ከመቂ እስከ ወለንጪቲ የውሃ ሞተር የጠገንኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ሞተሩን ራሱን ፈትቼ ነው የተማርኩት። እምቢ ብሎኝ የቀረ ሞተር የለም። ከሥራ ልብሴ ከወጣሁ ደግሞ ሱሪዬ እንደተተኮሰ ነው። ለሰው ቀርቶ ለእግዚአብሔርም አልንበረከክም ነበር። ባለቤቴ ስትጸልይ፣ “ጉልበትሽን አትጨርሺው” እያልኩ እቀልድባት ነበር።

ከዚያ አዳማ ላይ ረብሻው መጣ። መንገዱ ላይ ጎማ ሲቃጠል በራችንን ዘጋን። የልጅ ልጄ ሲፈን ግን በበሩ ቀዳዳ ታይ ነበር። ከረሜላ የሚሸጥላት ልጅ ደጃችን ላይ በድንጋይ ሲደበደብ አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል አልወጣትም።

ሐኪሙ፣ “አባት፣ ጉሮሮዋ ደህና ነው። ያየችው ነገር ነው ዝም ያሰኛት። ጊዜ ይስጧት” አለኝ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አላውቅም። ተረት አወራሁላት፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። ምንም።

አንድ ቀን ከሰዓት ወደ ቤት ስመለስ የሰፈሩ ልጆች በረብሻው ጊዜ ያዩትን ሊጫወቱ ድንጋይ ደርድረው መንገዱን ዘግተዋል። የጎረቤቴ ልጅ ጫሊ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀው፣ ዱላ ይዞ ቆሟል።

“አባባ፣ መታወቂያ ያሳዩ።”

“የምን መታወቂያ? አታውቀኝም እንዴ?”

“ማወቅ አይሠራም። ከየት ነው የመጡት?”

ስቄ ላልፍ ስል፣ ከድንጋዩ ኋላ ሲፈን ፊቷን በነጠላ ተሸፍና አቧራው ላይ ተጋድማ አየሁ፤ በቀሚሷ አወቅኋት።

“እሷስ ምን ሆነች?”

“እሷ ሬሳ ናት” አለ ጫሊ። “ስለማታወራ ለሬሳ ትመቻለች።”

ወገኖቼ፣ በተተኮሰ ሱሪዬ አቧራው ላይ ተንበረከክሁ። “ጌታ ሆይ፣ ይህን እኔ መጠገን አልችልም። ይቺን ልጅ መልስልኝ። እነዚህንም መልሳቸው” ብዬ በልጆቹ ፊት አለቀስኩ።

ነጠላው ተነቃነቀ።

“አባባ፣ ተነስ” አለች። “ሱሪህ ቆሸሸ። እኔ እኮ አልሞትኩም።”

ክብር ለእርሱ ይሁን። ጫሊ ዱላውን ጥሎ፣ “ተናገረች” እያለ ወደ ቤታችን ሮጠ።

ዛሬ ሲፈን እዚያ ፊተኛው ወንበር ላይ ናት፤ አሁን ዝም በይ ብንላትም አትሰማም። ጫሊ ግን እስከ ዛሬ ጎማ ሲቃጠል በሸተተው ቁጥር አልጋ ስር ይገባል፤ እባካችሁ ጸልዩለት። ቤቱ ውስጥ ልጅ ዝም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ፣ ሞተር ሁሉ የታዘዘልኝ እኔ ልንገረው፤ ይንበርከክ። ሱሪ ይታጠባል።